የአመለወርቅ ታጣፊ ጠረጴዛ

በአንድ ወቅት ወይዘሮ የሺመቤት የሟች ወንድሟን ሚስት፣ ወይዘሮ አመለወርቅን፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት በደለቻት። በደሉ ዱላ የለበትም፤ ስድብም የለበትም። የከፋውም ለዚህ ነው። ስድብ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ገብቶ ይጨርሰው ነበር።

ሁለቱም ሴቶች የአንድ ጽዋ ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ባለ ተራዋ ጽዋውን ተረክባ ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ የሚቀጥለው ወር ድግስ የእሷ ነው ማለት ነው። ጽዋ የምትቀበል ሴት የማኅበሩ ሰው ናት። ጽዋው የሚያልፋት ግን መጀመሪያ እንግዳ ትሆናለች፣ ከዚያ «ለምን ቀረች» የምትባል ትሆናለች፣ ከዚያም ያንን እንኳ የሚል ይጠፋል።

አመለወርቅ ግቢ በነበራት ጊዜ ይህ አላሳሰባትም። ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞር ረጅም አግዳሚ ነበራት፤ የመጣው ሁሉ ጠጋ ጠጋ እያለ ይቀመጥበታል። ግቢው ፈረሰና ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ደረሳት። አግዳሚው ደረጃው ላይ አልዞር ብሎ ታች ቀረ፤ ማን አንስቶ እንዳነደደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚያች ክፍል ውስጥ እሷ፣ ሴት ልጇ ምንትዋብና ወንድ ልጇ አጥናፉ ይኖራሉ። ሰው ሲመጣ አንዱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሌላው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ቸኩያለሁ ብሎ ይሄዳል።

እንግዲህ ማኅበሩ በየሺመቤት ቤት በዋለበት ወር ተራው አመለወርቅ ጋ ደረሰ። ነጠላዋን አስተካክላ እጆቿን ዘረጋች። የሺመቤት ጽዋውን እንደያዘች ፈገግ አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን አስጨነቀሽ አመለ፤ ቤትሽ ሰው አያስቀምጥም» አለችና ጽዋውን ቀጥላ ለተቀመጠችው ሴት አሳለፈችው።

አንዷ ሳል ያዛት፤ አንዷ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። አመለወርቅ የዘረጋችውን እጅ ምን ታድርገው? የተስተካከለውን ነጠላ እንደገና አስተካከለችበት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የአጥናፉ እናት ሳይሆን በገዛ ስሟ የምትጠራው እዚያ ማኅበር ላይ ብቻ ነበር።

ቤቷ ገብታም አልተቀመጠችም። አልጋውን ወደ መስኮቱ ገፋች፤ መለሰችው። ቁም ሳጥኑን ወደ በሩ ገፋች፤ በሩ አልከፈት አለ፤ መለሰችው። ክፍሉን በእግሯ ለካችው፤ እንደገና ለካችው። ክፍል ደግሞ በመለካት አይሰፋም። ልጆቿ ከሥራ ሲገቡ ያላቸው ዕቃ ሁሉ ቦታውን ለቆ አገኙት።

«ይኸውላችሁ፣ አሁንም ጽዋው ካለፈኝ ሁለተኛ እዚያ ማኅበር አልሄድም» አለቻቸው።

ምንትዋብ በማግስቱ ታጣፊ ጠረጴዛና ወንበር ፍለጋ ወጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ ሜትር ነው። ከመሄዷ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ፣ የበሩን ስፋት፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያለውን ክፍተት በክር ለካች። መርካቶ ገብታ ከሱቅ ሱቅ ዞረች። የሚያብረቀርቀውን አልፈለገችም፤ ከባዱን አልፈለገችም። ወንበሮቹን ደግሞ እየዘረጋች ተቀመጠችባቸው፤ አንዱ ላይ እንደ ወፍራም ሴት ዘፍ ብላ፣ አንዱ ላይ ወገቧን እንደሚያማት ሴት ቀስ ብላ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ወሬ እንደያዘች ሴት ወደ ጎን ዘንበል ብላ።

ባለሱቁ አይቶ አይቶ፣ «እህቴ፣ ወንበር ልትገዢ ነው ወይስ ቲያትር ልታሳዪን?» አላት።

«ወንበር የሚሰበረው ባልተጠበቀ አቀማመጥ ነው፤ ዝም ብለህ ሌላውን አምጣ» አለችው።

በመጨረሻ ከመሃሉ እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ፣ እጀታ ያለው ነጭ ጠረጴዛ መረጠች፤ ወንበሮቹም ሲታጠፉ እንደ መጽሐፍ የሚደረደሩ ናቸው። ባለሱቁ የጠረጴዛውን አንድ እግር ዘርግቶ በእያንዳንዱ እግር ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት አሳያት። «እግሩ ከተዘረጋ በኋላ ይቺን ታች አውርጂያት። ካልወረደች የቆመ ይመስልሻል እንጂ አልቆመም» አላት። ሰማች። ጠረጴዛውን የምትዘረጋው ራሷ ናትና ለማንም አልነገረችም።

ጠረጴዛው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በአጥናፉ ትከሻ ወጣ። ከገባ በኋላ ግን ሦስቱም ክፍሉን ዞረው አዩት። ለስብሰባ ቀን መዘርጊያ አለው፤ ለሌላው ቀን መኖሪያ የለውም። ያለው ቦታ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ የአጥናፉ መኝታ ነው። አጥናፉ አልተጠየቀም፤ አላስጠየቀምም። ፍራሹን ጠቅልሎ ኩሽና ወለል ላይ ዘረጋው፤ በመኝታው ላይ ጠረጴዛውንና ወንበሮቹን ደርድሮ አንሶላ አለበሳቸው። ረጅም ሰው ነው፤ ኩሽናው አይበቃውም፤ እግሩ ከበሩ ውጪ ያድራል። ውኃ ሊጠጣ የተነሳ ሁሉ ይረግጠዋል። ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ያውቀዋል።

እናቱ ስትሳቀቅ፣ «እማዬ ቀስ በይ፤ ወንበሮቹ ተኝተዋል፤ አትቀስቅሻቸው» ይላታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ አመለወርቅ ጽዋውን በያዘችው ሴት ፊት ቆመች። «ወንበር አለኝ» ብቻ አለች። የሺመቤት እያየቻት አመለወርቅ ጽዋውን ተቀብላ ወጣች።

ድግሱ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ታችኛው ፎቅ ላይ ሰው ሞተ። ሁለት ጎረቤቶች መጥተው በሩን አንኳኩ። ጠረጴዛና ወንበር እንዳላት ያልሰማ የሕንፃው ሰው የለም። አመለወርቅ ልጇን አየችው፤ ልጇ እሷን አያት። ለለቅሶ እንዴት እምቢ ይባላል? አጥናፉ ራሱ ተሸክሞ አወረደው። ከዚያ ወዲያ አመለወርቅ በደረጃው ኮቴ በሰማች ቁጥር ከአልጋዋ እየተነሳች በሩን ከፈተች። ዕቃው በድግሱ ዋዜማ ተመለሰ፤ ተወልውሎ፣ ወንበሮቹ ሳይጎድሉ።

ካመጡት አንዱ፣ «ደህና መሆኑን ዘርግታችሁ እዩት እንጂ» አለ።

አጥናፉ አፈረ። «ምን ነካህ ጋሼ፤ ከለቅሶ ቤት የተመለሰ ዕቃ ይፈተሻል?» አለና ከቁም ሳጥኑ ኋላ አስገባው። ከይሉኝታው የተነሳ እነሱ ከሄዱ በኋላም አልዘረጋውም። አንዷ ቀለበት እዚያው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወድቃ ቀርታ ነበር።

በድግሱ ዕለት ምንትዋብ ወጡ ላይ ስለነበረች ጠረጴዛውን አጥናፉ ዘረጋው። አራቱም እግር ቆመ፤ ሦስቱ ቀለበቶች በራሳቸው ክብደት ወርደዋል፤ አራተኛዋ የለችም። ቀለበት የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው የለም፤ ነጭ ጨርቅ አለበሰው። ማኅበርተኞቹ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ፤ እያንዳንዷም ወንበር አገኘች። ወይዘሮ ብዙነሽ የተባለችው ወፍራሟ ሴት ዘፍ አለች፤ ወንበሩ ድምፅ አላሰማም። የሺመቤት መጨረሻ ላይ ገባች፤ ዞር ዞር ብላ ቤቱን አየችና በጠረጴዛው ማዕዘን ተቀመጠች።

ድፎው ዳቦ መጣ፤ ወጡ ከነድስቱ መጣ፤ ጠላው መጣ። ያኔ የሺመቤት ከጠረጴዛው ስር አንድ ነገር ጉልበቷ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። በእሷ በኩል ያለው እግር ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀምሯል። ቀና ብላ አመለወርቅን አየቻት፤ አመለወርቅ እየሳቀች ጠላ ትቀዳለች። አንዲት ቃል ብትናገር ጠረጴዛው እንዳልቆመ ሁሉም ያውቃል፤ ዝም ብላ ጉልበቷን ብትሰበስብ ወጡ ወለል ላይ ነው፤ «ቤትሽ ሰው አያስቀምጥም» ያለችውም እውነት ይሆናል። የሺመቤት ብረቱን በሁለት ጉልበቷ መሃል ያዘችው። ያዘችውና ተቀመጠች።

የማኅበሩ ቄስ መምሬ ጥበቡ ለጸሎት ሲነሱ ሁሉም ተነሳ። የሺመቤት አልተነሳችም። ቄሱ አዩዋት።

«ጉልበቴን ነው መምሬ» አለች።

ብዙነሽ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «ቤቱን ንቃ ነው እንጂ፣ እኛ ቤት ስትመጣ እንደ ፍየል አይደለም የምትዘለው?» አለች። አመለወርቅ ሰማች፤ ፊቷ ጋለ። ቀኑን ሙሉም ይህን ነገር እያኘከች አስተናገደች። የሺመቤት እጇን ለመታጠብ እንኳ አልተነሳችም፤ ጥቂት ቀመሰችና ተወችው።

«እትዬ፣ አልጣመዎትም?» አለቻት አመለወርቅ።

«ጣፍጧል። አንቺ ሰዎቹን እይ።»

አሁን አንድ ልማድ ልንገራችሁ። በእነሱ ማኅበር መምሬ ዳቦውን ሲባርኩ የመጀመሪያዋን ቁራሽ በጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጧታል። ሊበተኑ ሲሉ ባለድግሷ ያቺን ቁራሽ በገዛ እጇ ለአንድ ሰው ታጎርሳለች፤ ያንን ቀን ላቆመላት ሰው። ለሁለት አትቆረስም። ያቺን ያጎረሰችና የጎረሰ ከዚያ በኋላ በልባቸው ቂም አይያዙም፤ ከያዙም ማኅበሩ አያውቃቸውም።

ሁሉም ለመሄድ ሲነሱ ምንትዋብ ጠረጴዛው ስር የወደቀ ብርጭቆ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ጨርቁን ገለጠች። ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ከዚያ፣ «አጥናፉ፣ ቶሎ በል፤ እግሩን ያዝ» አለች። አጥናፉ ገብቶ ያዘው። የሺመቤት ጉልበቷን ለቀቀች፤ ልትነሳ ሞከረች፤ አልቻለችም። ቀሚሷ ብረቱ ባረፈበት በኩል ተቀዷል፤ ከስሩ ያለው ቆዳ ጠቁሯል። ምንትዋብ ስለ ቀለበቷ ተናገረች፤ አጥናፉም ከለቅሶ ሲመለስ ዘርግቶ እንዳላየው ከጠረጴዛው ስር አመነ።

መምሬ ቁራሿን ከጨርቁ አውጥተው አመለወርቅ መዳፍ ላይ አኖሯት። «ይህን ቀን ላቆመልዎት ያጉርሱ» አሏት።

ያኔ ነው ቤቱ የተናጋው።

አንዷ፣ «ለምንትዋብ ነው እንጂ። እሷ ዞራ፣ ለክታ፣ ተቀምጣ ባትመርጥ ዛሬ ባልዲ ላይ ነበርን» አለች። ሌላዋ፣ «የቀለበቷን ነገር ያወቀች እሷ፣ የደበቀች እሷ» አለች።

«ለአጥናፉ ነው። መምረጥማ አንድ ቀን ነው፤ እሱ ስንት ሌሊት ተረገጠ» ሲባል፣ «ከለቅሶ ሲመለስ ዘርግቶ ቢያየው ምን ነበረበት» ተባለ።

«ለየሺመቤት ነው። የተናገረችው እውነት እንዲሆን ጉልበቷን ማንሳት ብቻ ነበረባት፤ አላነሳችም» ስትል አንዷ፣ ብዙነሽ ቅድም ያለችው ሳያሳፍራት፣ «ወጡ የሚደፋው ማን ቀሚስ ላይ ነበር? ደግሞስ ጽዋውን እሷ ባታሳልፈው ይህ ሁሉ ጠረጴዛ ከየት ይመጣ ነበር?» አለች። ይህን የምትለው ለመውቀስ ይሁን ለማመስገን አልታወቀም።

አመለወርቅ ቁራሿን ይዛ ቆማለች። ምንትዋብ እናቷን አታይም፤ ጨርቁን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። አጥናፉ እስካሁን ጠረጴዛው ስር ነው፤ ከለቀቀው ይወድቃል። ለልጆቿ ካጎረሰች አንዱን ከሌላው ልታስበልጥ ነው፤ የሺመቤትም እንዳስቀየመቻት ትሄዳለች። ለየሺመቤት ካጎረሰች ያ ቃል ሁለተኛ አይነሳም፤ ልጆቿም ያያሉ። እጇ ወደ አንዱ ይሄድና ይመለሳል፤ ወደ ሌላው ይሄድና ይመለሳል።

የሺመቤት ጉልበቷን እያሸች፣ «ምን ትጠብቂያለሽ አመለ፤ ለልጆችሽ አጉርሺ። እኔ ያልኩትን ብያለሁ» አለች። ይቅርታ አልጠየቀች፤ ውለታዋንም አልቆጠረች።

እናንተ እዚያ ብትቆሙ ቁራሿን ለማን ታጎርሱ ነበር? አትቸኩሉ። አመለወርቅም አልቸኮለችም። ያኔ ጽዋው ሲያልፋት ያልመለሰችውን መልስ የመለሰችው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቁራሿን በመዳፏ እንደያዘች፣ በእነዚህ ቃላት፦

«እትዬ የሺመቤት፣ ቤትሽ ሰው አያስቀምጥም ብለውኝ ነበር። ይኸው ሁሉም ተቀምጦ በላ። እንግዲህ እርስዎው ይንገሩኝ፤ ያስቀመጠው ማን ነው?»