ፊት የተሳለበት ድንኳን

«እኔ የሞትሁ ዕለት ማን ከማን ጎን ይቀመጣል?»

ወይዘሮ አሰለፈች ይህን ጥያቄ በዚያ ሰኔ ስንት ጊዜ ራሳቸውን እንደጠየቁ አያውቁትም። ልብስ ሲያሰጡ ይመጣባቸዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይከተላቸዋል፤ መልስ ግን አላገኙለትም። ዛሬ በሸክላ ማዶ ሰፈር ሁለት ሰዎች በምርጫ ሰበብ ተኮራርፈው አንዱ የአንዱን ደጅ ሲዘል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንዲት አጭር ተረት ጣል ያደርጋል፤ ነገሩም እዚያው ይበርዳል። ያን ዓመት ማን እንዳሸነፈ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ተረቷን ግን ሕፃኑም ያውቃታል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ሲሰማት ግራ ይገባዋል። አይፈረድበትም፤ የወይዘሮ አሰለፈችን ሰኔ አላየማ።

ነገሩ የተጀመረው በእድሩ ድንኳን ነው።

የሸክላ ማዶ እድር ድንኳን አሮጌ ነበር፤ በሰባት ቦታ ያፈሳል። ሰፈርተኛው ግን የት የት እንደሚያፈስ ስለሚያውቅ ሸሽቶ ይቀመጣል፤ የሚበሰብሰው ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ሁሉም አባቱንም እናቱንም የሸኘው በዚያ ሥር ተቀምጦ ነውና ክፉ የሚናገረው አልነበረም።

ምርጫ ሲመጣ ሰፈሩ ሚዶና መሰላል ሆነ። የአንደኛው ወገን የምርጫ ምልክት ሚዶ፣ የሌላኛው መሰላል ነበርና። ሁለቱም የሚምሉት ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ በሚወስደው በአንዱ የእንጨት ድልድይ ነው። «እኛ ከተመረጥን በድንጋይ እናሠራዋለን» ይላሉ ሚዶዎቹ። «እኛ በብረት» ይላሉ መሰላሎቹ። ሰዉ ደግሞ እየሰማ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወንዙን ይሻገራል።

የሚዶው ዕጩ አቶ ፍሥሐ ራሳቸው እንደ ቅል የለሰለሰ መላጣ ናቸው። ገበያ ላይ መሰላሎቹ፣ «ለሰውዬው ሚዶ ምን ሊሠራላቸው ነው? የማንን ፀጉር ሊያበጥሩበት?» እያሉ ይሳለቃሉ። ሚዶዎቹም፣ «እናንተስ መሰላሉን ምን ላይ ልታስደግፉት ነው? ግድግዳ እንኳ የላችሁ!» ይመልሳሉ። እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። እየቆየ ሳቁ ጠፋና ስድቡ ብቻውን ቀረ።

የወይዘሮ አሰለፈች ጭንቀት ረድኤት ናት፣ የልጅ ልጃቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ከቤት ስትወጣ፣ «ጃንጥላ ያዝሽ? ስልክሽ ባትሪ አለው? በየት በኩል ነው የምትሄጂ?» ይሏታል። እሷ ግን የሚዶ ቀስቃሽ ሆና ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ስትጮኽ ትውልና ድምጿ ተዘግቶ ትገባለች። ከመሰላሎቹ ፊት የሚቆመው ደግሞ መምህር ኅሩይ ነው፤ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው፣ የእማማ ደብሪቱ ልጅ፣ ለረድኤት ፊደል ያስቆጠራት። አሁን ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ምድር።

«ሰላም ብትይው ምን ይጎድልብሻል?» አሏት አንድ ቀን።

«እሱ ይበለኛ፣ እምዬ። በሰው ፊት ‘የአቶ ፍሥሐ ጥሩምባ’ ያለኝ እሱ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ረድኤት አንገቷን ደፋች። «‘የተሰበረ መሰላል’።»

«አዬ ልጄ! ፊደል ያስቆጠረሽን ሰው!»

የእድሩ ዳኛ አቶ ሸዋንግዛው ያቺን ውል የተዋዋሉት በዚህ መሀል ነው። አቶ ፍሥሐ መጡና፣ «አሮጌውን ድንኳን ስጡኝ፣ አዲስ ልስጣችሁ» አሏቸው። አቶ ሸዋንግዛው ጉባኤ አልጠሩ፣ ሰው አላማከሩ፤ አዲስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሌላው አልተሰማቸውም። አሮጌው ተጭኖ ሄደ። ኋላ እንደተወራው የሲሚንቶ ክምር ተሸፈነበት።

ቅዳሜ ዕለት አዲሱ ድንኳን በእልልታ ተተከለ። ነጭ፣ ሰፊ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው። ሰዉ ግር ብሎ ሲገባ ግን እልልታው አፉ ላይ ቀረ። ከውስጥ፣ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ የአቶ ፍሥሐ ፊት በር አክሎ በሰማያዊ ቀለም ተስሏል፤ ጥርሱን ፈገግ አድርጎ። ከጎኑ ደግሞ ቁመቱ ሰው የሚያህል ሚዶ።

«ምነው ከውስጥ ሆነ?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ። እሳቸው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በየመንገዱ እየነፉ የሚያረዱ።

«ከውጭ የሚያየው አላፊ አግዳሚ ነው» አሉ አቶ ፍሥሐ እየሳቁ። «ሦስት ቀን ተቀምጦ የሚያየኝ ነው የሚመርጠኝ!»

ጋሽ ወርዶፋ ሰውዬውን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ።

ያን ቀን አካፍቶ ስለነበር የወይዘሮ አሰለፈች ነጠላ ረጥቧል። በሰው ተገፍተው ሥዕሉ ያለበትን ግድግዳ ተደግፈው ኖሮ፣ እቤታቸው ሲገቡ ጥለቱ ሰማያዊ ሆኖ አገኙት። «ይኸውልሽ! የበዓል ነጠላዬን!» እያሉ ሳፋ ውስጥ ቢነክሩት ሳሙና እንኳ ሳይነካው ውሃው ሰማያዊ ሆነ፣ ነጠላው ነጣ።

«ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ ነው የቀባው፤ የማይረባ» አሉና ረሱት።

እማማ ደብሪቱ ያረፉት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጧት ነው። ዕድሜ ጠግበው፣ ሳይሰቃዩ። ለወይዘሮ አሰለፈች ከእኅት አይተናነሱም ነበር። ረድኤት የተወለደች ዕለት በዶፍ ዝናብ ወንዙን ተሻግረው አዋላጅ ያመጡ እሳቸው ናቸው። ጋሽ ወርዶፋ ጥሩምባቸውን ነፉ፣ ሰፈሩ ወጣ፣ ድንኳኑ ተተከለ። ኅሩይም ከእናቱ አስከሬን አጠገብ ተነሥቶ ወጣ፤ ወደ ድንኳኑ ገባ፤ ያን ፈገግ ያለ ፊት አየው።

«በዚህ ሥር ለእናቴ አይለቀስላትም» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። አንድ አግዳሚ ወንበር አንሥቶ ተሸከመና መንገዱን ተሻገረ።

መሰላሎቹ አንድ አንድ አግዳሚ እያነሡ ተከተሉት። ከመንገዱ ማዶ በአራት እንጨት ላይ ላስቲክ መወጠር ጀመሩ። ሚዶዎቹ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ለቅሶውንም ቅስቀሳ አደረጋችሁት!» አለ አንዱ ከወዲህ።

«የሳለበት ማን ሆነና!» አለ አንዱ ከወዲያ።

አቶ ሸዋንግዛው ላብ አጥምቋቸው፣ «ኧረ እባካችሁ፣ ብርድ ልብስ እንጋርድበት» ቢሉ ረድኤት ተቆጣች።

«የሚጋረድ ከሆነማ ይፈታ! የሰውን ስጦታ ተቀብለን ፊቱን ልንሸፍንበት ነው?» አለች። ተናግራ ሳትጨርስ ግን ቃሉ የከበዳት ትመስላለች፤ ዓይኗ ከጧት ጀምሮ እንደቀላ ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች መንገዱ መሀል ቆመው ቀሩ። ግማሹ አግዳሚ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። ጥያቄያቸው ይኸው በቁሙ መጣ። ለአንዲት ሬሳ ሁለት ለቅሶ! የደብሪቱ እንዲህ ከሆነ የሳቸውስ? ያቺ ልጅስ ነገ ያለ ጎረቤት ከማን ጋር ልትኖር ነው? ወደ ሰማይ ቀና ቢሉ ከወንዙ በላይ ጠቁሯል። እጃቸው ሳያውቁት የነጠላቸውን ጥለት ይዞ ነበር።

ወደ ኅሩይ ተሻገሩ።

«ኅሩይዬ፣ የከፋህ ይህን ፊት እያየህ ማልቀሱ ነው አይደል?»

«ነው፣ እትዬ አሰለፈች። ሦስት ቀን ሙሉ ሲስቅብኝ ልቀመጥ?»

«ባታየው ትገባለህ?»

«ባላየውማ… የእናቴ እድር አይደል እንዴ?»

ተመልሰው ረድኤትን ጥግ ያዟት።

«ስሚኝ እስቲ። ድንኳኑን ብንገለብጠውስ? ሥዕሉ ወደ ውጭ ይሆናል። አልተሸፈነ፣ አልተፈታ። እንዲያውም በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።»

ረድኤት ትንሽ አሰበች። «ለቅስቀሳማ… ይሻላል።»

«በይ እንግዲያ!»

አቶ ሸዋንግዛው፣ «ገመዱ እኮ ወደ ውስጥ ሊሆን ነው፤ ደንቡ ላይ…» ማለት ሲጀምሩ ጋሽ ወርዶፋ አቋረጧቸው። «አንተ ሸዋንግዛው፣ ድንኳኑን ስትለውጥ ትዝ ያላለህ ደንብ ዛሬ ለገመድ መጣልህ?»

ሚዶዎቹ አሸነፍን አሉ፤ መሰላሎቹም አሸነፍን አሉ። ድንኳን መገልበጥ ግን ለአንድ ወገን ጉልበት የሚበቃ ሥራ አይደለም። ሃያ ሰው ዳር ዳሩን ይዞ «ሳብ! ልቀቅ! ወደኔ!» ሲባባል፣ ኅሩይ ያነሣው ማዕዘን ሌላኛው ጫፍ ረድኤት እጅ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። እኩል ሳቡት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ደብሪቱ ተቀበሩ። ሰዉ ከቀብር ሲመለስ ሰማዩ ተቀደደ። ማን ከማን ጎን ልቀመጥ ለማለት ፋታ አልነበረም፤ ሁሉም እየሮጠ ገብቶ ባገኘው ቦታ ተቀመጠ። ሚዶው ከመሰላሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ፊቱን በነጠላው ይጠርጋል።

ወይዘሮ አሰለፈች ከሐዘንተኞቹ ጋር ቤት ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከድንኳኑ ግርጌ ወደ ቦዩ የሚወርደውን ውሃ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ቀላ ያለ ጭቃ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፤ ልክ እንደ ሳፋው።

«ተመስገን» አሉ በሹክሹክታ።

ረድኤት ንፍሮ ይዛ ስትገባ ውሃውን አየች፤ አያቷን አየች።

«እምዬ! ታውቂ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ነጠላዬን ነው ያጠብሁ።»

ረድኤት ልትቆጣ ግንባሯን ቋጠረች፤ ግን ሳቅ አመለጣት። የሐዘን ቤት ነውና የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዋጠችው። ትንሽ ቆማ ተረጋጋችና ከንፍሮው በሳህን አድርጋ፣ ከጧት ጀምሮ እህል ወዳልቀመሰው ኅሩይ ሄደች።

«መምህር፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

ኅሩይ ቀና ብሎ አያት። «ድምፅሽ ተዘግቷል» አላት። «ዝንጅብል ጠጪበት እንጂ።» ከሁለት ወር ወዲህ ለእሷ የተናገረው የመጀመሪያ ደግ ቃል ይህ ነበር። ሳህኑን ተቀበላት፤ አግዳሚው ላይም ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ወይዘሮ አሰለፈች ያን ጊዜ ከስንት ቀን በኋላ ትንፋሻቸው እስከ ሆዳቸው ወረደ። ያ ጥያቄ መጣ፣ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ፤ አላስገቡትም።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አቶ ፍሥሐ ፎቶ አንሺያቸውን አስከትለው መጡ። በሥዕላቸው ሥር ተቀምጠው ከለቀስተኛው ጋር ሊነሡ ነው። ከመኪና ወርደው ፊታቸውን ፈለጉ። ሸራው ላይ የቀረው አንድ ጆሮና የሚዶው ሦስት ጥርስ ብቻ ነው። በዚያው በኩል ሸራውን ገልበው ጎንበስ ብለው ሲገቡ፣ ከሸራው እጥፋት ላይ አቁሮ የነበረው ውሃ ተገለበጠና መላጣቸው ላይ ፈሰሰ።

በድንኳኑ አልፈው ቤት ሲገቡ ግንባራቸው በሙሉ ሰማያዊ ነው። የሳቀ የለም። ረድኤት ተነሥታ ፎጣ ሰጠቻቸው። ጠረጉ፤ ፎጣውን አዩት፤ ካሜራውን ያነሣውን ሰው በእጃቸው ጠቅሰው አስወረዱት። ከዚያም የራሳቸው ቀስቃሽና የመሰላሉ መምህር ከአንድ ሳህን ንፍሮ ሲቆነጥሩ አዩ። ፎጣውን በሩ አጠገብ አስቀምጠው፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» እንኳ ሳይሉ ከቤቱ ወጡ።

ጋሽ ወርዶፋ ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳጋደሙ ከኋላቸው በዓይናቸው ሸኟቸውና ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ዞረው፣ «ቀለም እስከ ዝናብ፣ ጎረቤት እስከ መቃብር» አሉ።