ከዘጠነኛው ጠረጴዛ ያልተነሳው ሰው

«አንድ የውድድር አዘጋጅ ነበረ» አሉ መምህር ገዛኸኝ።

ሚልኪያስ የጠየቃቸው ግን ስለ አልጋ ነበር። የአራት ዓመት ልጁን ሔራንን ከቀበረ ሁለት ወር ሆኖታል። የሚስቱ ወንድሞች ቅዳሜ ፒካፕ ይዘው መጥተው የልጅቷን አልጋ ሊወስዱ ወስነዋል። ማየቱ ነው የሚጎዳችሁ ይላሉ። ሁለት ወር በቂ ነው ይላሉ። ሚስቱ አልጋው እንዲሄድ አትፈልግም፤ ወንድሞቿን ግን ደፍራ መናገር አልቻለችም። ሚልኪያስም ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩት መምህር ቤት ሄዶ «ልስጣቸው ወይስ እምቢ ልበል? እምቢ ብል አጥፍቻለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ ስለ አልጋው ምንም አልመለሱም። ሚልኪያስ የጌም ቤት ዕቃ ጠጋኝ ነው። እሱ የሚያውቀውን ነገር መርጠው ጀመሩለት።

ይህ አዘጋጅ በከተማው ትልቁን የድብድብ ጌም ውድድር ያካሂድ ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሰው ይመዘገባል። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰዎች ይደባደባሉ። የወደቀበት ይወጣል፣ የቆመለት ያልፋል። ሁለተኛ ዕድል የለም።

«ሁሉም ያንን መነካኪያ ይዞ...»

«ጆይስቲክ ነው የሚባለው ጋሼ።»

«እሱን ይዞ። አታቋርጠኝ።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከየሰፈሩ ጠባብ ጌም ቤት ይዘውት የመጡት ነው። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ካርቶን ተገጣጥሞ ይለጠፍና የተጫዋቹ ሁሉ ስም ይሰፍርበታል። ከጎኑ ቀይ እስክሪብቶ በክር ይንጠለጠላል። የተሸነፈ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ይሄዳል፤ የገዛ ስሙን በገዛ እጁ ይሰርዛል። ዳኛ አይሰርዝለትም። ያሸነፈውም አይሰርዝለትም። አንዳንዱ ቀልዶ ይሰርዛል። አንዳንዱ እስክሪብቶውን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። ከኋላው ያለው አይገፋውም፤ እሱም ተሸንፎ ነው የመጣው፣ ነገሩ ይገባዋል።

ውድድሩ ግን ዝርክርክ ነበር። ስም ሲጠራ አይሰማም። ተጫዋች ምሳ ሊበላ ወጥቶ ይቀራል። አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰው «ተራው የኔ ነው» ይላል። አንድ ዓመት የፍጻሜው ሁለት ተጫዋቾች ሊቀመጡ ሲሉ የአዳራሹ ዘበኛ «ሰዓታችሁ አልቋል» ብሎ መብራቱን አጠፋ። ሰው እየተሳደበ ወጣ። አዘጋጁ አፈረ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትጉህ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አሰበበት። ጠረጴዛዎቹ ላይ ቁጥር ለጠፈ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚጫወትበትን ሰዓትና ጠረጴዛ ጽፎ በወረቀት ሰጠ። ቢጫ ቲሸርት የለበሱ አስተናባሪዎች መደበ። የሚቆራረጠውን ማይክ አስጠገነ። ብስኩትና ጁስ እዚያው እንዲሸጥ አደረገ። ይሄ ሁሉ መልካም ነው፣ ያየው ሁሉ አመሰገነው።

ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። «ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ሰው ይሸነፋል። እያንዳንዱ እዚህ ጋ ሁለት ደቂቃ ቢቆም ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ጊዜዬን የበላው ይሄ ነው» አለ። ካርቶኑን ጣለው። በቦታው ትልቅ ስክሪን ሰቀለ። አስተናባሪ ቁልፍ ሲጫን የተሸናፊው ስም ከስክሪኑ ይጠፋል። ለአንድ ግጥሚያ ሩብ ሰዓት ሰጠ። ሩብ ሰዓት ሞልቶ ያላለቀ ካለ፣ አስተናባሪው አይቶ የሚሸነፈውን ያጥፋ አለ።

«ግን ጋሼ፣ ሒሳቡ እኮ...»

«ቆይ። እሱ ጋ እንደርሳለን።»

ቀኑ ደረሰ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አንድም ነገር አልተዛነፈም። ተጠሩ፣ ተቀመጡ፣ ተጫወቱ፣ ጠፉ። የተሸነፈው ቀና ሲል ስሙ የለም። ቢጫ ለባሹ «ጨርሰሃል ወንድሜ፣ በዚህ በኩል» ብሎ ወደ በሩ ያሳየዋል። በሩ ውጪ መቶ የሚያህል ሰው ተኮልኩሎ ነበር። ወደ ቤቱ የሄደ የለም። ለምን እንዳልሄዱ ራሳቸውም አያውቁም።

«ተሸነፍክ?» ይላል አንዱ።

«መሰለኝ» ይላል ሌላው።

ዘጠነኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ በያጅ ተቀምጦ ነበር። ከዝዋይ በመጀመሪያው መኪና ነው የመጣው። የሸሚዙን እጅጌ የብየዳ ፍንጣሪ በሳስቶታል። እሁድ እሁድ ከሥራ ሲያርፍ ነው የሚለማመደው። ተጋጣሚው የከተማው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ጣቱ ፈጣን ነው። አንዱን ዙር በያጁ ወሰደ። ሁለተኛውን ፀጉር አስተካካዩ ወሰደ። በሦስተኛው ስክሪኑ ላይ ያለው የበያጁ ሰውዬ ተደብድቦ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። የጉልበቱ መስመር የጥፍር ያህል ቀርታለች። በዚህ መሃል ሩብ ሰዓት ሞላ። አስተናባሪዋ ጨዋታውን አቆመች፣ አየች፣ ቁልፉን ተጫነች። የበያጁ ስም ከስክሪኑ ጠፋ።

«ጨርሰሃል ወንድሜ፣ በዚህ በኩል» አለችው።

«አልጨረስኩም።»

«ስምህ ጠፍቷል። ተመልከት።»

ተመለከተ። «እውነትሽን ነው፣ ጠፍቷል» አለ። «እኔ ግን ይኸው አለሁ።»

አልተነሳም።

ቀጣዮቹ ሁለት ተጫዋቾች ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላው ቆመዋል። አንዱ «ምነው ወንድም፣ ከወንበሩ ጋር ተበየድክ እንዴ?» አለው። ሰው ሳቀ።

«አዎ» አለ በያጁ። «ፍንጣሪ ዓይንህን እንዳያገኝህ ራቅ በል።»

ሰው እንደገና ሳቀ፤ አሁን የሚሳቀው በቀለደው ሰው ላይ ነበር።

አስተናባሪዋ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «አንተ አልፈሃል፣ ተነስ።»

እሱም ጆይስቲኩን አልለቀቀም። «ምኑን አለፍኩ? ገና አልጣልኩትም እኮ። እኔ ግማሽ ራስ ላጭቼ አልቋል ብዬ ደንበኛ አሰናብቼ አላውቅም» አለ።

በሩ ውጪ ያሉት ሰሙ። አንድ በአንድ ተመልሰው ገቡ። የጠራቸው የለም። ቢጫ ለባሾቹ እጃቸውን ዘርግተው ሊያግዷቸው ሞከሩ፤ ከእጃቸው ሥር እየሾለኩ አለፉ። መጥተው ከዘጠነኛው ጠረጴዛ ኋላ ቆሙ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች የነበሩትም አንገታቸውን አዙረው አዩና ጆይስቲካቸውን አስቀመጡ።

አዘጋጁ ማይኩን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። «ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል? ልትሸነፍ ነበር እኮ! ሁሉም አይቷል።»

«እኔም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው? ላሳልፍህ?»

«ማን አሳልፈኝ አለህ? ከዚህ ሰው ጋር እጨርሳለሁ። ከዚያ ካርቶኑን አምጡልኝ። ስመዘገብ ስምህን ጻፍ አላችሁኝ፣ በዚህ እጄ ጻፍኩ። የሚሰርዘውም ይሄው እጅ ነው።»

«ለአንድ ስም ብዬ ይሄን ሁሉ ሰው ላስቁም?»

በያጁ ወንበሩ ላይ እንዳለ ዞሮ ተመለከተው። «ጌታው፣ እስከዛሬ ግድግዳው ጋ ስንቆም ማንን አስቆምን? ወንበሩን ለቅቀን ነው እኮ የምንሄደው። እኔ እዚያ ስቆም እዚህ ሌላው ይጫወታል። ያስቆምኩህ ዛሬ ነው። መቆሚያዬን ስለወሰድክብኝ ነው።»

አዘጋጁ ስሌቱ ትዝ አለው። ያ ስምንት ሰዓት ተኩል ከማንም ወንበር ላይ የተወሰደ አልነበረም። የተሸናፊዎቹ የራሳቸው ጊዜ ነበር።

«እሱን ልልዎት ነበር እኮ!» አለ ሚልኪያስ።

«አውቃለሁ። ሒሳብ ላይ ድሮም ፈጣን ነበርክ።»

የብስኩቱ ካርቶኖች ተቀደዱ። አስተናባሪዎቹ መሬት ላይ ተንበርክከው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ስም ጻፉ። ቀይ እስክሪብቶ ተገኘ፤ ክር ጠፋ። ያቺው አስተናባሪ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ አሰረችው። ከዚያ ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ።

በያጁ በስንት ጊዜ የተሸነፈ ይመስልሃል? በአራት ሰከንድ።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ለዚህች ነው?» አለው ያ የቀለደበት።

«ለዚህች ነው» አለ በያጁ። ፀጉር አስተካካዩን ጨብጦት ተነሳ። ወደ ግድግዳው ሄደ። ስሙን ፈልጎ አገኘው። እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ስንት ደቂቃ እንደቆመ የያዘ ሰው የለም። ከዚያ ብረት እንደሚበይድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ሳበ። እስክሪብቶውን ከኋላው ላለው ሰጠና ወደ ዝዋይ መኪና ሄደ።

ከኋላው መቶ ሰው ተሰልፎ ነበር። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ግን ጨዋታ ነበር። ፍጻሜው በሰዓቱ ተካሄደ፤ ዘበኛው ራሱ ወንበር ላይ ቆሞ አየው። በሚቀጥለው ዓመት የጠረጴዛው ቁጥርም፣ የሰዓቱ ወረቀትም፣ ቢጫው ቲሸርትም ነበሩ። አዘጋጁ ያስወገደው ስም የሚያጠፋውን ቁልፍ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሁለት እስክሪብቶ ሰቀለ።

መምህር ገዛኸኝ እዚህ ላይ አቆሙና ሚልኪያስን አዩት።

«የሚስትህ ወንድሞች አዘጋጁን ይመስላሉ። ክፉዎች አይደሉም። ድንኳን ተክለዋል፣ ውሃ ቀድተዋል፣ መቃብር አስቆፍረዋል። ለዚያ ሁሉ አመስግናቸው። አሁን ግን ሁለት ወራችሁን ቆጥረው ቁልፉን ሊጫኑባችሁ ነው። ለመሆኑ ሥራ ትገባለህ?»

«እገባለሁ።»

«ሚስትህስ?»

«ሱቋን ከከፈተች ወር ሆናት።»

«የሰው ልቅሶ ትደርሳላችሁ? ሠርግ ስትጠሩ ትሄዳላችሁ?»

«እንሄዳለን ጋሼ።»

«ስለዚህ ወንበሩን ለቅቃችኋል። ሌላው እየተጫወተበት ነው። እናንተ ግድግዳው ጋ ናችሁ። አልጋው የማንን ቦታ ያዘ? የሚተኛበት አጥቶ በራችሁን ያንኳኳ አለ?»

«የለም።»

ሚልኪያስ መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ በያጁ አራት ሰከንድ ቀርቶት ነበር» አለ። «ለኔ የቀረኝ የለም። አልቋል።»

«አልቋል፤ አልዋሽህም። እስክሪብቶውም የሚያዘው ካለቀ በኋላ ነው። ሔራን ብላችሁ ስም ያወጣችሁላት እናንተ ናችሁ። የሔራንን አልጋ ገጣጥማችሁ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። የምታነሱትም እናንተ ናችሁ። ነገ ይሁን፣ የዛሬ ዓመት ይሁን። ወይም ጭራሽ አታንሱት።»

ሁለት ወር ሙሉ እሱ ባለበት የልጁን ስም የጠራ ሰው አልነበረም። ሚልኪያስ ቀና አለ።

«ቅዳሜ ሲመጡ ምን ልበላቸው?»

«አስገባቸው። ምሳ አብላቸው። ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቁም።»

«ፒካፑስ? ተከራይተው ነው የሚመጡት።»

«ባዶውን ይመለስ።»