ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር

አንድ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ወንድይፍራው። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ ሞልቶ መንገድ ለሚቆረጥባቸው የቆላ ከተሞች መንገደኛ የምታመላልስ ትንሽ አውሮፕላን ገዛ። ማረፊያ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ወደ አንዲት ከተማ ሄዶ የከብት መሰማሪያ ሜዳቸውን ለመነ።

ሽማግሌዎቹ ከሴቶቹ ጋር ተማክረው፣ «ሜዳውን ውሰድ፤ ኪራይ አንጠይቅህም» አሉት። «ከአውሮፕላኗ በር አጠገብ ያለችውን አንዷን ወንበር ግን አትሽጥ። ምጥ ለጠናባትና ለታመመ ትሁን። ሰው ከሌለም ባዶዋን ትሂድ።»

ወንድይፍራው ምሎ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የአውሮፕላኗ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ የከተማው ሰው የያዘውን ሥራ ጥሎ ይወጣል። ወንዶቹ ከብቱን ያባርራሉ፤ ሴቶቹ ጎርፍ ያመጣውን ድንጋይ ይለቅማሉ። ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ። «ፍጠኑ እንጂ፣ ሰው እኮ ነው የጫነችው!» እያሉ ይቆጣሉ። በዚያች ወንበር ስንቱ በሽተኛ ሐኪም ቤት ደርሶ፣ ድኖ ተመለሰ። ሌሎች ከተሞችም ይህንን ሰምተው ሜዳቸውን በዚሁ ቃል ሰጡ።

ድርጅቱ አደገ። አውሮፕላኖቹ በዙ፤ ወንድይፍራውም ዋናው ከተማ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ከፈተ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ «ጌታዬ፣ በየአውሮፕላኑ አንድ ወንበር ባዶዋን ሰማይ ለሰማይ ትዞራለች። ይህ ምን የሚሉት ንግድ ነው?» አለው። ወንድይፍራው መሐላው ትዝ ሳይለው አልቀረም። ከዚያ፣ «እንግዲያው ትሸጥ» አለ።

በዚያው ክረምት የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ ስንቅነሽ ምጥ ጠናባት። ወንዙ ሞልቷል። በቃሬዛ ተሸክመው ሜዳው ላይ አደረሷት። አውሮፕላኗም አረፈች፤ በሩ አጠገብ ግን የሰርግ ኬክ የታቀፈ ሰውዬ ተቀምጧል። ወንድይፍራውም ከተሞቹን ሊጎበኝ መጥቶ ኖሮ እዚያው ውስጥ ነበር።

«ወንድይፍራው ልጄ፣ ወንበራችንስ?» አሉት ወይዘሮ የሺመቤት።

«እማማ፣ አሠራሩ ተለውጧል። ነገ ሌላ በረራ አለ፤ እሷን እናስቀድማለን።»

«ምጥ ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?»

ባለኬኩ ሳቅ አለ። «ትኬት ሳይቆርጡ? ጋሪ መሰለችዎት እንዴ፣ እማማ?»

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ጀመር። በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ሲነሳ አንዲት ጥጃ ሜዳው መሃል ገባች። ወይዘሮ የሺመቤት ልጃቸውን ቃሬዛው ላይ ትተው ሮጡ፤ ጥጃዋንም አባረሩ። ውስጡ ሰው አለ ብለው። አውሮፕላኗ በሰላም ተነሳች። ስንቅነሽ ግን ሳይመሽ፣ ከነጽንሷ አረፈች። ነፍሷን ይማርልን።

በማግስቱ፣ ያ «ነገ» የተባለው በረራ ድምፁ ተሰማ። ማንም አልወጣም። የተሳደበ የለም፤ ድንጋይ የወረወረም የለም። ሰዉ ቀብር ላይ ነበር፤ ከብቱ ደግሞ ሜዳው ላይ ይግጥ ነበር። አውሮፕላኗ ዞረች፣ ዞረች፣ ማረፊያ አጥታ ተመለሰች። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሆነ።

ወንዙ ሲጎድል ወንድይፍራው በመኪና መጣ። «ምነው? ከብቱን ዝም ብላችሁ ታዩታላችሁ?» አለ።

«ሥራችንን ጥለን የምንወጣው እኮ» አሉት ወይዘሮ የሺመቤት፣ «የኛም አውሮፕላን መስሎን ነበር።»

ወንድይፍራው ከብቱን የሚያባርር ዘበኛ ቀጠረ፤ ዘበኛው ጥላ ሥር ተኛ። አንዷ አውሮፕላን ስታርፍ ያልተለቀመ ድንጋይ መትቷት እግሯ ተሰበረ፤ ሰው ባይሞትም መንገደኛው ሁሉ ፈራ። የስንቅነሽ ነገር ከከተማ ከተማ ሲወራም የየከተማው ሰው ድምፁን እየሰማ ከቤቱ አልወጣ አለ። አውሮፕላኖቹ ቆመው ዛጉ፤ ወፍ ጎጆ ሠራባቸው። ወንድይፍራውም ያንን የመስታወት ቢሮ ዘግቶ ሄደ።

ዛሬ ሜዳው መልሶ የከብት ነው። ክረምት ሲሆን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመው ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ወይዘሮ የሺመቤትም በዚህ ደስ አላላቸውም። ድምፅ የሰሙ ሲመስላቸው እስከ አሁን ብድግ ይላሉ።

ወገኖቼ፣ ያቺ ወንበር ባዶ ትመስል ነበር፤ ሌሎቹን ወንበሮች ሁሉ ያሳረፈቻቸው ግን እሷ ነበረች። ለደካማ የገባነውን ቃል ስናጥፍ የሚያየን አንድዬ ብቻ ይመስለናል፤ ሰውም ያያል፣ ዝም ብሎም ቤቱ ይቀመጣል። እስቲ ሁላችንም እንጠያየቅ፦ እኛ በሰላም እንድናርፍ ድንጋይ የሚለቅምልን ማን ነው? ለእሱ የያዝንለት ቦታስ ዛሬም አለ?