ያልተመረቀው መወጣጫ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የላም በረት ደረጃ የለውም፤ ላሚቱ ማንንም ሳታስፈቅድ ዘው ብላ ትገባለች። የእኔ ተረት ግን የመናፈሻ ነው፤ ገና ሳልጀምረውም ተናድጃለሁ።

በአንድ ከተማ መሀል አዲስ መናፈሻ ተከፈተ። ፏፏቴ አለው፣ አበባ አለው፣ የከተማው ሙሽሮች ሁሉ ለፎቶ የሚሄዱት እዚያ ነው። በዚያው ከተማ ምንታምር የምትባል ስልክ ጠጋኝ ነበረች፤ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ታናሽ እህቷ ረድኤት ስትዳር ምንታምር አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ከሙሽራዋ ጎን ሆና ፏፏቴው ፊት ፎቶ መነሳት። እስከዚያ ቀን ድረስ በዘመድ ሰርግ ሌላው ደረጃ ወጥቶ ፎቶ ሲነሳ፣ እሷ መኪና ውስጥ ቀርታ የሴቶቹን ቦርሳና ትርፍ ጫማ ስትጠብቅ ኖራለች። የቤተሰቡን አልበም የሚያገላብጥ እንግዳ እናትየው ረድኤትን ብቻ የወለዱ ይመስለዋል።

ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ደረጃውን ወጣች። ምንታምር በጎን በኩል ወዳለው የዊልቸር መወጣጫ ዞረች። መወጣጫው ያምራል፤ አዲስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ የብረት መደገፊያም አለው። አፉ ላይ ግን ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ አጠገቡ ጥበቃው ጋሽ ድንበሩ ቆመዋል።

«ያሳልፉኝ ጋሼ» አለቻቸው።

«አልተመረቀም እኮ የኔ ልጅ። የክብር እንግዳው መጥተው ሪባኑን ሳይቆርጡ ማንም አይረግጠውም። ከፈለግሽ ተሸክመን በደረጃው እናውጣሽ።»

«ጆንያ ነኝ እንዴ?» አለች። በአክስቷ ልጅ ሰርግ ሚዜዎቹ ተሸክመው ሲያወጧት ደረጃ ላይ ጥለዋት እጇ ተሰብሮ ነበር። ሸክሙ ይቅርብኝ፣ እንግዳውን ጥሩልኝ አለች።

እንግዳው ካልመጡ ሪባኑ አይቆረጥም፣ ሪባኑ ካልተቆረጠ መወጣጫው አይረገጥም፣ መወጣጫው ካልተረገጠ ምንታምር ፎቶ አትነሳም።

ጋሽ ድንበሩ የምርቃቱን አስተባባሪ ወይዘሮ አልጋነሽን ጠሩ። ወይዘሮ አልጋነሽ በተረከዘ ረጅም ጫማ ቋ ቋ እያሉ በደረጃው ወረዱ። እንግዳውን መጥራት እንደማይቻል በትሕትና አስረዱ፤ ድንኳን ሳይተከል እንዴት ብለው ይመጣሉ፣ ፀሐይ ሊመታቸው ነው ወይ? የእንግዳው ግንባር ያሳሰባቸውን ያህል ፀሐይ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አላሳሰበቻቸውም።

ድንኳኑ ካልተተከለ እንግዳው አይመጡም፣ እንግዳው ካልመጡ ሪባኑ አይቆረጥም፣ ሪባኑ ካልተቆረጠ መወጣጫው አይረገጥም፣ መወጣጫው ካልተረገጠ ምንታምር ፎቶ አትነሳም።

እንግዲያው ድንኳን ተካዩን ጥሩልኝ አለች። ሙክታር መዶሻውን እንደያዘ መጣ። ድንኳኑ ዝግጁ ነው፣ ካስማውም ዝግጁ ነው፣ ችግሩ ሣሩ ነው አላት። እዚህ ጉልበት የሚደርስ ሣር ውስጥ ድንኳን ብተክል እንግዶቹ ጫማቸውን ፈልገው አያገኙትም፤ ይታጨድና እተክላለሁ አለ።

ሣሩ ካልታጨደ ድንኳኑ አይተከልም፣ ድንኳኑ ካልተተከለ እንግዳው አይመጡም፣ እንግዳው ካልመጡ ሪባኑ አይቆረጥም፣ ሪባኑ ካልተቆረጠ መወጣጫው አይረገጥም፣ መወጣጫው ካልተረገጠ ምንታምር ፎቶ አትነሳም።

አትክልተኛው ጋሽ ገረሱ ተጠሩ። ማጭዱን ስለውታል። ነገር ግን ለማን ብዬ ነው የማጭደው አሉ። ዛሬ ባጭደው እስከ ምርቃቱ ተመልሶ ያድጋል፤ ቀኑ ይቆረጥና ዋዜማውን አጭደዋለሁ። ይህን ብለው እሳቸውም ከሌሎቹ ጋር ሪባኑ አጠገብ ቆሙ። አያችሁ፣ ሰው እየበዛ ነው፤ አንዱም ግን እጁን ወደ ሪባኑ አልሰነዘረም። እኔ ብሆን ኖሮ በጥርሴ እበጥሰው ነበር።

ቀኑ ካልተቆረጠ ሣሩ አይታጨድም፣ ሣሩ ካልታጨደ ድንኳኑ አይተከልም፣ ድንኳኑ ካልተተከለ እንግዳው አይመጡም፣ እንግዳው ካልመጡ ሪባኑ አይቆረጥም፣ ሪባኑ ካልተቆረጠ መወጣጫው አይረገጥም፣ መወጣጫው ካልተረገጠ ምንታምር ፎቶ አትነሳም።

ከላይ ፎቶ አንሺው ተጣራ። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ አዳራሽ ውስጥም እንግዳ ይጠብቃል፣ ምንታምርን ትተን እንነሳ ይላል። ረድኤት ያለ እህቴ አልነሳም ብላ ፏፏቴው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ይቆጧታል፣ እሷ ታለቅሳለች።

ምንታምር ለቅሶውን ሰማች። ቀን ቆራጩን ጥሩልኝ አለች። የመናፈሻው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አቶ ሳህሉ ክራባታቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። ቀኑን እሳቸውም መቁረጥ ይፈልጋሉ። ግን በፕሮግራሙ መሠረት ሪባኑ እንደተቆረጠ አንድ ዊልቸር ተጠቃሚ ቴሌቪዥን ፊት ወጥቶ ምስጋና ማቅረብ አለበት። ከክረምት ጀምረው ቢፈልጉ አጡ። ምን እናድርግ፣ አካል ጉዳተኞች ወደ መናፈሻችን አይመጡም ብለው አዘኑ።

እንግዲህ ጨርሼ ልንገራችሁ። አመስጋኝ ካልተገኘ ቀኑ አይቆረጥም፣ ቀኑ ካልተቆረጠ ሣሩ አይታጨድም፣ ሣሩ ካልታጨደ ድንኳኑ አይተከልም፣ ድንኳኑ ካልተተከለ እንግዳው አይመጡም፣ እንግዳው ካልመጡ ሪባኑ አይቆረጥም፣ ሪባኑ ካልተቆረጠ መወጣጫው አይረገጥም፣ መወጣጫው ካልተረገጠ ምንታምር ፎቶ አትነሳም።

አቶ ሳህሉ አመስጋኝ ማጣታቸውን ሲናገሩ ዓይናቸው ዝቅ አለና ዊልቸሩ ላይ አረፈ። ፊታቸው በራ። «እንዴ፣ አንቺ አለሽ አይደል እንዴ! ቅዳሜ ትመጪልኛለሽ?»

«ማይክ ትሰጡኛላችሁ?» አለች ምንታምር።

«እንዴታ።»

«ቴሌቪዥኑስ በቀጥታ ነው የሚያስተላልፈው?»

«በቀጥታ ነው።»

«እንግዲያው እመጣለሁ። እህቴ የተዳረች ቀን እኔን ባዶ መወጣጫ ሥር አቁማችሁ እሷን እንዳስለቀሳችኋት፣ ስማችሁን አንድ በአንድ እየጠራሁ ለአገሩ እናገራለሁ። አለዚያ አሁኑኑ አሳልፉኝ።»

ነገሩ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። አቶ ሳህሉ በጋሽ ገረሱ ላይ ጮኹ፣ ጋሽ ገረሱ በሙክታር ላይ ጮኹ፣ ሙክታር በወይዘሮ አልጋነሽ ላይ ጮኸ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ በጋሽ ድንበሩ ላይ ጮኹ፣ ጋሽ ድንበሩ የሚጮሁበት ሰው ስላጡ ሪባኑን ፈቱት። አንድ ቋጠሮ ነበር። ያ ሁሉ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ለአንድ ቋጠሮ!

ምንታምር ጎማዋን በገዛ እጇ እየገፋች ወጣች። ረድኤት ቬሎዋን እየጎተተች ሮጣ አቀፈቻት። ፀሐይዋ ሳትገባ ፏፏቴው ፊት ጎን ለጎን ተነሱ፤ እናትየውም ከሁለቱ ልጆቻቸው መሀል ቆሙ።

ሲመለሱ አቶ ሳህሉ መወጣጫው ሥር ጠበቋት። ያለፈው አልፏል፣ ይኸው ገባሽ፣ ቅዳሜ መጥተሽ በሁለት ቃል ብታመሰግኚን ምናለ አሏት። ምንታምር ጎማዋን ያዝ አድርጋ ቆመችና ከጎን በደረጃው የሚወርዱትን ሚዜዎችና ሽማግሌዎች አሳየቻቸው።

«እነዚህ ሁሉ በደረጃው ወጥተው ወርደዋል» አለች። «ማንኛቸው አመሰገነዎት?»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፣ ንዴቴ ገና አልበረደም።