ቁልቁለት ላይ የምታድረው መኪና

በአንድ ወቅት፣ ከጀማ ወንዝ አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር፣ በለጥሻቸው የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከሦስት ወንዶች ልጆቿና ከአንዲት ሸራ ለባሽ አሮጌ መኪና ጋር ትኖር ነበር። ቤተሰቡ የሚበላው መኪናዋ ሰውና እህል ጭና ቆላ ወዳለው ከተማ ስትመላለስ ነው። ባሏ መኩሪያ ሊሞት ሲል ቁልፉን መዳፏ ላይ አኑሮ፣ «ከሦስቱ ለሚያውቅባት ስጪ» አላት። ማን እንደሆነ ግን አልነገራትም። እሱ ተናግሮ አረፈ፤ ለእሷ የልጆቹ ጭቅጭቅ ቀረላት። ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ፣ ጠዋት ለአንዱ ትሰጣለች፣ ማታ ትቀበላለች። ሰልችቷታል።

የመኪናዋ አመል ደግሞ ለብቻው ነው። በቁልፍ ብቻ አትነሳም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ታድራለች፣ ጠዋት ተንደርድራ ትነሳለች። ያዘመመ መኪና ዘይቱም ያዘማል። መኩሪያ ይህን ስለሚያውቅ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ በሚስማር አንድ ጭረት አበጅቶ ነበር፤ ዘይቱ እዚያ ከደረሰ በቂ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ በክረምት ጎርፍ ተናደ። ልጆቹም ከቤቱ ማዶ፣ ከበፊቱ ይበልጥ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ያቆሟት ጀመር። ጭረቱን ግን እንደድሮው ያምኑት ነበር። የአባት ምልክት ነው፣ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?

አንድ ጠዋት በለጥሻቸውን ሆዷን በቀኝ በኩል ወጋት፤ መቆምም መቀመጥም አቃታት። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ዳሰሰቻትና ልጆቹን ወደ ውጭ ጠራቻቸው። «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል። ዛሬ ከተማ ካልገባች እፈራለሁ» አለቻቸው። እናታቸውን ከነፍራሿ አንስተው መኪናዋ ላይ አስተኟት።

ታላቁ አጥናፉ ኮፈኑን ከፍቶ ዘንጉን መዘዘ፤ በጨርቅ ጠርጎ፣ መልሶ ከቶ፣ እንደገና አወጣው። በአንደኛው ፊቱ ዘይቱ ጭረቱ ድረስ ይታያል፣ በሌላኛው ፊቱ አይታይም።

«ደርሷል፤ እንሂድ» አለ ታናሹ ይርዳው።

አጥናፉ ዘንጉን እንደያዘ ቁልቁለቱን አየ። «አባዬ ይህን ጭረት ያበጀው ለዚህ ቦታ አይደለም» አለ። ማንንም ሳይሰማ ፍሬኑን ለቆ፣ ሞተር ሳያስነሳ፣ መኪናዋን ታች ካለው ሜዳ አደረሳት። ዘይቱ ረግቶ እስኪተኛ ጠበቀ። በለጥሻቸው ፍራሹ ላይ ሆና ታቃስታለች፤ «እኔ ልሞት ነው፣ ልጄ ዘንግ ያያል» ብላ ክፉኛ አዘነችበት። አጥናፉ ዘንጉን ሲያወጣው ግን ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት የለም። እንዲሁ ቢነሱ ኖሮ መጀመሪያው አቀበት ላይ ሞተሩ ያበቃለት ነበር።

መካከለኛው ጌጡ የመንደሩ ወፍጮ ሠራተኛ ነው። በመንደሩ ያለው ዘይት ለወፍጮው ሞተር የተቀመጠው ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ ገበያ ወርዷል። ጌጡ እህል ይዘው በተሰለፉት ሴቶች ፊት ጀሪካኑን አነሳ።

«ኧረ ጌጡ፣ እኛስ ምን እንፍጭ?» አለችው አንዷ።

«እናቴ ናት» ብሎ ወደ መኪናዋ ሮጠ። ወፍጮው ቆሞ ዋለ፣ ሰው እህሉን እንደተሸከመ ተመለሰ። ጌጡም በማግስቱ ከሥራው ተባረረ።

ዘይቱን ጨምረው፣ ጎረቤት ከሜዳው ገፍቶ አስነሳላቸውና ይርዳው መሪውን ያዘ። አቀበቱን ወጥተው ቁልቁለቱን እንደጀመሩ አንድ ድንጋይ ከስር መታቸው። ትንሽ ሄደው ይርዳው ቆመ። «ድምጿ ልክ አይደለም» አለ። አጥናፉ ዘንጉን መዘዘ፤ አዲሱ ዘይት እንደ ውሃ የጠራ ነውና ብረቱ ላይ መኖር አለመኖሩ አይለይም።

«አለ» ይላል አጥናፉ፣ ዘንጉን ወደ ፀሐይ እያዞረ።

«የለም፤ ላብህ ነው» ይላል ጌጡ።

በለጥሻቸው ዓይኗን ጨፈነች። ቤት የተወችው ጭቅጭቅ እዚህም ተከትሏት መጣ።

ይርዳው ዘንጉን ዞር ብሎም አላየው። ከመኪናዋ ስር ገብቶ ሲወጣ እጁ በዘይት ርሷል። «የዘይቱ ማፍሰሻ ተሰንጥቋል። ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ።»

«ይህን ሁሉ ጠመዝማዛ በፍሬን ብቻ?» አለ አጥናፉ። «እናታችንን ገደል ልትከታት ነው?»

«ባስነሳት ሞተሩ ይሞታል። ሌላ መኪና እንጠብቅ ብንል እሷ ትሞታለች።»

ይርዳው መኪናዋን ቁልቁል ለቀቃት። በለጥሻቸው የፍራሹን ጠርዝ ጨብጣ የሰማችው ነፋስና የጎማ ድምፅ ብቻ ነበር። በየመታጠፊያው ነፍሷን ለፈጣሪ ሰጠች። ከተማው መግቢያ ሲደርሱ ፍሬኑ ይጨስ ነበር፤ እሷ ግን በሕይወት ነበረች። በዚያው ቀን ሐኪሞቹ ቀደዷት፤ «ትንሽ ብትቆዪ ይፈነዳ ነበር» አሏት።

ድና ቤቷ ስትገባ፣ መኪናዋም ተጠግና ስትመለስ፣ ልጆቹ ቁልፉን ጠየቋት።

«ዘይት እንደሌለ ባላይ ኖሮ አቀበቱን አትወጪም ነበር» አለ አጥናፉ።

«አይተህ ምን ታደርግ ነበር፣ ዘይቱን ባላመጣ? ሥራዬን ያጣሁት ለማን ብዬ ነው?» አለ ጌጡ።

«አንተ ሜዳ ላይ አቆየሃት፤ አንተ የሰው ንብረት አነሳህ። ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ሞተሩንም አትርፌዋለሁ» አለ ይርዳው።

በለጥሻቸው ስፌቷን በመዳፏ ደግፋ ሦስቱንም አየቻቸው። «ሦስታችሁም አዳናችሁኝ» አለች፣ «ሦስታችሁም ደግሞ ልትገድሉኝ ነበር። ደከመኝ ልጆቼ።»

ማዶ ቁልቁለቱ ላይ ተሳፋሪው ጭነቱን ጭኖ ይጠብቃል። እሷም መቀነቷን ፈትታ ቁልፉን አወጣች። ዛሬ ከሰጠችው ማታ መልሳ አትቀበለውም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ መኪናዋን የሚያውቅባት የትኛው ነው? ቁልፉስ ለማን ይገባል?