እመ ብርሃን የተሸፈነውን መብራት እንደ ገለጠች

ምእመናን ሆይ፥ ቀረብ በሉና አድምጡ፤ ይህ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለሾፌሩ ለአስረስ ያደረገችው ነው፤ በረከቷ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

አስረስ እመ ብርሃንን እጅግ የሚወድ ሰው ነበረ፤ በየማለዳው ስሟን ሳይጠራ የመኪናውን ቁልፍ አያዞርም፤ በበዓሏም ቀን ደጇን ሳይሳለም ሰው አይጭንም። መኪናው ግን ከእርሱ ዕድሜ የማታንስ አሮጌ ነበረችና የሞተር ዘይት ማነሱን የሚናገረው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሰዎችም «መካኒክ ይያት እንጂ!» ቢሉት ምን አደረገ መሰላችሁ? የእመቤታችንን ሥዕል በማስቲሽ መብራቱ ላይ ለጠፈና «እንግዲህ እርሷ ትያዘው» አለ። ወይ ጉድ! እምነት መሰለው እኮ!

ከዕለታት በአንዱ ጎረቤቱን ዘርትሁንን ምጥ ጸናባት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስም «ሕፃኑ አግድም ሆኗል፤ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም ያልፋሉ» አለች። አስረስም እርሷንና እናቷን እማማ ይታክቱን ጭኖ ገደል ገደሉን ቁልቁል ወረደ፤ ከዚያም የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ወጥታ ወጥታ ቀዩን ነካች። ወርዶ የራዲያተሩን ውኃ ቢያይ አልጎደለም፤ «ታዲያ ምን ሆነች?» ብሎ ግራ ተጋባ፤ ዘርትሁንም ታጣጥር ነበርና መልሶ አስነሥቶ ነዳ።

ገደሉ አፋፍ ወዳለው ጠመዝማዛ መንገድ ሲቃረብ ግን፥ በጥፍር ቢቧጥጡት የማይላቀቀው ሥዕል ማንም ሳይነካው ተላቅቆ እጁ ላይ ወረደ፤ ከበስተኋላውም የዘይቱ መብራት ደም መስሎ ቦግ ብሏል! አስረስ ክው አለ፤ ፍሬኑን ረግጦ ሞተሩን አጠፋ።

እማማ ይታክቱም ባዩ ጊዜ «አንተ ልጅ! የብርሃንን እናት የመብራት መክደኛ አደረግሃት?» ብለው ጮኹ። አስረስም ዘልሎ ወረደ። የዘይት መለኪያውን ቢመዝ ደረቅ ነው፤ ከሥር ቢያጎነብስ የማፍሰሻው ብሎን ላልቶ ዘይቱ በመንገድ ሁሉ ፈስሶ አልቋል፤ ጥቂት ደግሞ ቢነዳ ኖሮ ሞተሩ ያለ ዘይት ደርቆ ጠመዝማዛው ላይ ድንገት ቆሞ ሦስቱንም ገደል በከተታቸው። ብሎኑን አጠበቀ፤ ዘይት ግን በዚያ በረሃ ከየት ይምጣ? ከዚያም በግንባሩ ተደፍቶ «እመቤቴ፥ የበደልሁ እኔ ነኝ፤ እኔን ተዪኝና ለእርሷ ድረሽላት» እያለ አለቀሰ።

እያለቀሰም ሳለ አንድ የጭነት መኪና ሽቅብ እያጓራ መጣና ቆመ፤ ሾፌሩም ጀሪካን አንጠልጥሎ ወረደና «እንካ ዘይቱን፤ ሴትዮዋ የላከችኝ ወደ እናንተ ነው አይደል?» አለ።

«የቷ ሴትዮ?»

«ያቺ ሰማያዊ ነጠላ የደረበችው ናታ! ታች ድልድዩ ጋ አስቁማ ‹ዘይት ያለቀባቸው ልጆች አሉኝ፤ ድረስላቸው› አለችኝ እኮ!»

እማማ ይታክቱም «ኧረ ልጄ፥ ከእኛ ዘንድ የወረደ ሰው የለም!» አሉ። ሰውዬውም ጀሪካኑን አስቀምጦ ኮፍያውን አውልቆ ተንበረከከ፤ አስረስም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱን ሞላና አስነሣ፤ ቀዩ መብራት ጠፋ፤ መርፌዋም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሆስፒታልም ደረሱና ዘርትሁን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ አስረስም የሕፃኗን ልቅሶ በር ላይ ቆሞ በሰማ ጊዜ መሬት ስሞ «ተመስገን» አለ።

እመ ብርሃን እኛንም ከገደል አፋፍ ትመልሰን፤ የተናገርነውን እኛንም የሰማችሁትን እናንተንም በአማላጅነቷ ትጠብቅ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።