ከይታይሽ ዘንቢል የወጣው መከለሻ

ይቺ ቃል የሁሉም ሰው አፍ ላይ አለች። የተጣላው ይላታል፣ የከሰረው ይላታል፣ ጠጅ ቤት አምሽቶ የተደበደበውም በማግስቱ ይላታል። ከየት መጣች ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ዓይኑን ያቁለጨልጫል። የመጣችው ከአንዲት ቋጠሮ ነው። ቋጠሮዋን የፈታቻት ደግሞ እታለማሁ ናት፣ የታከለ ሚስት፤ ጥላዋ ሲከተላት እንኳ ምን ፈልጎ ነው ብላ ዞራ የምታይ ሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ጎረቤታሞች ወንዝ ዳር ያለቻቸውን ቁራጭ ቁራጭ መሬት አንድ ላይ ገጠሙና ለአያ ምስጋናው ሰጡት። እሱ ውሃ እየጠለፈ በበጋ አትክልት ያለማል፤ ሰባቱ ቤት በተራ እየወጡ ያርሙለታል፣ ይኮተኩቱለታል። ሐሙስ ሐሙስ የደረሰው ይለቀምና ልክ እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ በመደብ ይከፈላል። መቼም አትክልት ነው፣ ሁሉም ለሁሉም አይዳረስም፤ አንዱ መደብ ጎመን ይበዛዋል፣ አንዱ ካሮት። ለዚህ ነው እጣ የሚጣለው። አንዷ ቁልፍ፣ አንዷ የባቄላ ፍሬ፣ አንዷ የገለባ ስባሪ ትሰጣለች። የማን የማን እንደሆነ ያላየ መንገደኛ ይጠራና በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርገዋል። ከዚያ የወጣልህን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾም ገባ። እታለማሁን ጎመን ያዛት። በመጀመሪያው ሐሙስ ጎመን። ቁልፏን ትታ ባቄላ ሰጠች፤ ጎመን። ባቄላውን ትታ ጠጠር ሰጠች፤ ጎመን። ቤተሰቡ ጎመን በልቶ ጎመን አገሳ። ባሏ ታከለ፣ ነገር የማይወድ ሰው፣ እጣ ነው እኮ ምን ይደረጋል ይላታል። እሷ ግን እጣ ሦስት ጊዜ አይሳሳትም ባይ ናት።

ዓይኗ ይታይሽ ላይ አረፈ። ይታይሽ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ለይታይሽ ቲማቲም ይወጣላታል፣ ካሮት ይወጣላታል፣ አንዴማ ዱባ ከነሐረጉ። ደግሞ ሁሉም ሲበተን እሷና አያ ምስጋናው ማሳው ጥግ ቆመው ይንሾካሾካሉ። እታለማሁ የነጠላዋን ጫፍ የጣለች መስላ ተመልሳ አይታለች። እንኳን አየች፤ ካየች በኋላ እንቅልፍ የለም። እህል ስትቀምስ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ሳይቀር ሁለቱን ታስባለች። የይታይሽ ወጥ ደግሞ ሽታው አጥር ዘሎ ይመጣል። ምን ብትጨምርበት ነው እንዲህ የሚሸተው?

ዝም ብላ ትኖር ነበር፤ ግን ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ልጇ ብርቄ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ሁለት ጊዜ የመጣ ሽማግሌ ተመልሷል። የመለሰችው ራሷ እታለማሁ ናት፤ አንዱን አባቱ ሲስቅ ጥርሱን ይደብቃል ብላ፣ አንዱን ደግሞ ለምን ቸኮሉ ብላ። አሁን የሚመጡት አባ ጥላዬ ናቸው፣ ለልጅ ልጃቸው። ብርቄ ራሷ ልጁን ወዳዋለች፤ ወድጄዋለሁ አትል እንጂ ስሙ ሲነሳ ውሃ ልትቀዳ ትወጣለች። ታከለም፣ ያ ነገር የማይወደው ሰውዬ፣ ይሄ ከፈረሰ ልጅቷ እዚሁ ትሸብታለች ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ሽማግሌዎቹ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት መጥተው ጾማቸውን እዚሁ ይፈታሉ፣ መልሳቸውን ይሰማሉ።

ሐሙስ ሆነ። እጣውን ገንቦ ተሸክማ የምታልፍ ሴት ጣለችው። የእታለማሁ ጠጠር ጎመኑ ላይ ቁጭ። የይታይሽ መደብ ላይ ቀይ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ይሄን የሚያህል ዱባ። ይህ አልበቃ ብሎ አያ ምስጋናው ከብብቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች ቋጠሮ አወጣና የይታይሽ ዘንቢል ውስጥ ሸጎጥ አደረጋት። ማንም አላየም፣ ከእታለማሁ በቀር።

"ይታይሽ፣ ዛሬ እንቀያየር" አለቻት። "ዘንቢል በዘንቢል። ነገ የብርቄ እንግዶች አሉብኝ።"

ይታይሽ ክፉ ሴት አይደለችም። እሺ አለችና ቋጠሮዋን ልታወጣ እጇን ሰደደች። እታለማሁ ክንዷን ያዝ አደረገች።

"እንዳለ ነው የምንቀያየረው።"

"ይቺ የግሌ ናት።"

"በሰባት ቤት ማሳ የምን የግል ነው? ምን እንደሆነች ንገሪና ውሰጃት።"

ሴቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ይታይሽ አያ ምስጋናውን አየች፤ አያ ምስጋናው መሬት መሬት ያያል። ፊቷ ዘንቢል ውስጥ ካለው ቲማቲም ቀላ። የእታለማሁን ጎመን አንስታ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ይታይሽ በአጥሩ በኩል መጣች። ለብቻሽ የምነግርሽ ነገር አለ አለቻት። እታለማሁ ካሮት እየፋቀች ነው፤ ቀናም አላለች። በሰው ፊት የማይነገር ነገር እኔም አልሰማም ብላ መለሰችላት። ይታይሽ ግራና ቀኝ አየች። ታከለ በረት እየጠረገ ነው፣ ብርቄ ደጅ ላይ ዕቃ ታጥባለች።

"እሺ፤ እንግዲያው ያቺን ቋጠሮ ድስት ውስጥ እንዳትጨምሪያት" ብላ ሄደች።

አያችሁ ልጆቼ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። እታለማሁ እስከዚያች ደቂቃ ቋጠሮዋን ደፍራ አልፈታቻትም ነበር፤ ፍቅር ማስያዣ ነገር መስሏት ሙዳይ ሥር ወሽቃት ነበር። አሁን በራላት። ድስት ውስጥ እንዳትጨምሪ! ለካስ መከለሻ ናት! ወጥ ሲወጣ ከላይ የምትነሰነሰው፣ ሴት ልጅ ወርቋን ታውስሻለች እንጂ አቀማመሟን የማትነግርሽ መከለሻ። ሮጣ ፈታቻት። ቡኒ ድቁስ ነው። አሸተተችው፤ ብዙም አልሸተታትም። ጥሩ መከለሻ ድስት ሲያገኝ ነው የሚሸተው ብላ ራሷን አሳመነች።

ሠራች። ዱባውን በበርበሬና በኑግ ዘይት ቁሌት አደረገችው፣ ቤት የነበራትን ድንች በካሮት አልጫ ሠራች፣ ቲማቲሙን በቃሪያ ፈተፈተች። ልታወጣ ስትል ከቋጠሮዋ ጨልፋ ዱባው ላይ ነሰነሰች። አነሰ ብላ ደገመች። የቀረውን ሁሉ አልጫው ላይ አራገፈችው። ቀምሳ እንዳታየው ጾም ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። ደግሞ ሽማግሌ በሚገባበት ቀን ጾም ማን ይገድፋል?

አባ ጥላዬ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ማዕዱ ቀረበ፤ ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ። አባ ጥላዬ ጎረሱ፣ ትንሽ ቆም አሉ፣ ዋጡ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጎረሰ፣ ሦስተኛውን አየው። በሽምግልና ሄደህ ወጡ መረረኝ አይባል ነገር! እጅሽ ይባረክ አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። እታለማሁ እንባው የጣዕም መስሏት ይታይሽ ይሄን ስትበላ ነው የኖረችው ብላ አንገበገባት። ሌላ ጨለፈችላቸው። ታከለን ደግሞ በጉርሻ አጣደፈችው። እሷ ግን እንደ ወጉ እንግዳ ሳይነሳ አልቀመሰችም።

ጨዋታው ደራ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባ ጥላዬ ወደ ዋናው ጉዳይ ገብተው፣ እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን፣ ብለው ሳይጨርሱ ተነሱ። ቅጠል ልበጥስ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሁለተኛው ተከተላቸው። ሦስተኛው ጫማውን ሳያደርግ ሮጠ። ታከለ ትንሽ ታገለና እሱም ሄደ። አንዱ ሲመለስ አንዱ ይወጣል። እንዲህ እየተተካኩ ሆዳቸው ሙልጭ ብሎ ታጠበ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፎ፣ "እንቢ ማለት ሌላ፣ መርዝ ማብላት ሌላ" አለ። "ሁለት ሽማግሌ የመለሰ ቤት ነው፤ ሦስተኛውን ሊገድል ነው ያሰበው። እንሂድ።"

ብርቄ ጓዳ ሆና ሰማች። ለቅሶዋን አፏ ውስጥ ልታፍነው ብትሞክርም አመለጣት።

እታለማሁ ሰው ሲጠረጥራት የመጀመሪያዋ ነው። አታውቅበትም። በቁርባኔ፣ በልጄ እያለች ማለች፤ ማን ይስማት! እንዲህ ያደረገችኝ እሷ ናት ብላ በአጥሩ በኩል የይታይሽን ስም ጠራች፤ መርዝ ሰጥታኝ፣ ልጄን ልታስቀርብኝ።

ይታይሽ መጣች። በር ላይ ቆማ የሽማግሌዎቹን ፊት አየች፣ ከጓዳ የሚመጣውን ለቅሶ ሰማች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

"ኮሶ ነው አባቶቼ። ትል ይዞኝ ነው። ለሰው እንዳይነገርብኝ ብዬ አያ ምስጋናውን በምስጢር አስወቀጥኩት፤ ለሦስት ጊዜ የሚሆን ነው። እሷ ምኑንም አታውቅ። አፍሬ ሳልነግራት ቀረሁ እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እታለማሁ መግቢያ ጠፋት። ለሦስት ጊዜ የሚሆነውን አራት ሰው በአንድ ቀን ጨርሶታል። መጀመሪያ የሳቁት አባ ጥላዬ ናቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ በቀስታ፣ እንዳይባባስባቸው። "እኔም ሳልወስደው ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር" አሉ። ታከለም ሳቀ። ያ ግድግዳ የተደገፈውም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ይታይሽ ወደ ቤቷ ሄዳ የሠራችውን አመጣች፤ ያንኑ የእታለማሁን ጎመን፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ የበሰለ። ሽማግሌዎቹ ባዶ ሆዳቸውን ይዘው ዙሪያውን ተቀመጡ። እታለማሁ አንገቷን ደፍታ ብርቄ እንግዲህ የእናንተው ናት አለች። ቀጥላም ሰኞ ብትመለሱ በቲማቲም፣ በካሮት፣ በደህና መከለሻ አሳምሬ ሠርቼ እክሳችኋለሁ ብላ ለመነቻቸው። አባ ጥላዬ ጎመኑን ጠቅለል አድርገው ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ቀስ ብለው ዋጡና እንዲህ አሏት፦ "ልጅሽን ተቀብለናል፤ ቲማቲሙም ይቅርብን፣ መከለሻውም ይቅርብን፣ እሜቴ፤ ለእኛ ጎመን በጤና።"